በእህት ደመወዝ የሚከፈል ኮሌጅ፦ ከቤሩት ሲታዩ የትምህርት ወጪ መሸፈኛ መንገዶች

ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ልጁን ኮሌጅ የሚያስተምረው አረብ አገር በምትሠራ ሌላ ልጁ ደመወዝ ነው። ከ2019ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ በፊት ሊባኖስ ውስጥ ከ250,000 በላይ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች እንዳሉ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ይገልጹ ነበር፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከሚልኩት ገንዘብ ለቀለብና ለቤት ኪራይ የሚሄደው ሄዶ፣ የተረፈው ለወንድም መመዝገቢያ፣ ለታናሽ እህት ላፕቶፕ፣ ለልጅ ወርሃዊ ክፍያ ይውላል። ይህን ያህል ሸክም የተሸከሙት ሴቶች ግን ለኮሌጅ ወጪ ምን ምን አማራጭ እንዳለ፣ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም የሚያስረዳቸው አያገኙም። በኢሞ “ምዝገባው ሊዘጋ ነው” የሚል የድምፅ መልእክት ይደርሳቸዋል፤ እነሱም ይልካሉ።

ይህ ዳሰሳ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ያስባል። አንደኛዋ ቤሩትና አካባቢዋ እየሠራች አገር ቤት ያለ ተማሪ የምትረዳ ናት፤ ሁለተኛዋ ራሷ መማር የምትፈልግ ወይም እዚያው ልጅ የምታሳድግ ናት። ስለ ሊባኖስ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያን የሚመለከቱት ዓ.ም. ተብለው ተለይተዋል።

ቤሩት የተማሪዎች ከተማ

ቤሩት በእኛ ዘንድ የሥራ አገር ሆና ከመታወቋ በፊት የትምህርት ከተማ ነበረች። የቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በ1866 በአሜሪካ ሚሲዮናውያን ተመሠረተ። የኢየሱሳውያኑ ቅዱስ ዮሴፍ ዩኒቨርሲቲ በ1875 ተከተለ። የመንግሥቱ የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ በ1951፣ የአርመኖቹ ሃይጋዚያን በ1955፣ የቤሩት አረብ ዩኒቨርሲቲ በ1960 ተከፈቱ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ገንዘብ ከልዩ ልዩ አገሮች ተማሪዎች ወደ ቤሩት ይላኩ ነበር፤ ኢትዮጵያውያንም ነበሩባቸው። አገራችን ወደዚህች ከተማ ለትምህርት ሰው የላከችበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በብሊስ ጎዳና በቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በር የሚያልፉት ኢትዮጵያውያት ብዙዎቹ የአሠሪያቸውን ዕቃ ይዘው ነው የሚያልፉት።

የእነዚህ ተቋማት ዋጋ እጅግ የተራራቀ ነው። የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ ለዜጎቹ የሚያስከፍለው ከግል ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ለውጭ አገር ሰው ከፍ ይላል። የቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያ ደግሞ በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ነው። አንዲት የቤት ሠራተኛ በወር 150 ዶላር ብታገኝ በዓመት 1,800 ዶላር ትሆናለች፤ አንድ ሳንቲም ሳታጠፋ ብታስቀምጥ ለአንድ ተማሪ የአንድ ዓመት ክፍያ ከ11 ዓመት በላይ መሥራት ይኖርባታል። እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ በሙሉ ስኮላርሺፕ ካልሆነ በቁጠባ የሚገባበት አይደለም። ይህን በግልጽ ማወቅ ብዙ ከንቱ ተስፋና ብዙ የደላላ ወሬ ያስቀራል።

የድጋፍ ዓይነቶችና ወጥመዳቸው

በቤሩትም ሆነ በሌላ ከተማ የትምህርት ድጋፍ በአራት መንገድ ይመጣል። አንደኛው መንግሥት ከመጀመሪያውኑ ዋጋውን ዝቅ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው የቤተሰብ አቅም ታይቶ የሚሰጥ ድጋፍ ሲሆን፣ ሦስተኛው በውጤት የሚሰጥ ሽልማት ነው። አራተኛው ተማሪው ራሱ የሚከፍለው ነው፤ በግቢው በሰዓት እየሠራ፣ ወይም ተመርቆ በሚመልሰው ብድር።

በቤተሰብ አቅም የሚሰጠው ድጋፍ ወረቀት ይጠይቃል። በተለምዶ የወላጆች የደመወዝ ማስረጃ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የንብረት ማስረጃ፣ በትምህርት ላይ ያሉ የወንድምና የእህት ብዛት ይቀርባል። ገጠር ላለ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከቀበሌ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውም ተተርጉሞና ተረጋግጦ መቅረብ አለበት። ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት በውጤት ሳይሆን ወረቀቱ የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ስለሚደርስ ነው። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሳይጠበቅ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ትራንስክሪፕት ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሌላው ወጥመድ ፐርሰንቱ ነው። “50 በመቶ ድጋፍ ተፈቅዶልሃል” የሚል ደብዳቤ ቤተሰብን በደስታ ያስለቅሳል። የ20,000 ዶላር ግማሽ ግን 10,000 ዶላር ነው፤ መኝታ፣ ምግብ፣ ቪዛና የጤና ኢንሹራንስ ገና አልተቆጠሩም። የድጋፍ ደብዳቤ ሲመጣ መታየት ያለበት ምን ያህል እንደተሰጠ ሳይሆን ምን ያህል እንደቀረ ነው።

ሙሉውን የሚሸፍኑ ዕድሎች ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም አሉ። የቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በ2012 የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የስኮላሮች ፕሮግራምን ተቀላቅሎ፣ አቅም ለሌላቸው የአፍሪካ ወጣቶች ከትምህርት ክፍያ እስከ መኖሪያና ኪስ ገንዘብ የሚሸፍን ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል። ይኸው ፋውንዴሽን ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይሠራል፤ በዚያ ቅድሚያ የሚሰጠው አካል ጉዳት ላለባቸውና ለተፈናቀሉ ወጣቶች ነው። በቤሩት ያለች እህት የጎንደሩን ዕድል ሰምታ ወንድሟን ብታስመዘግብ ከብዙ ወር ደመወዟ የሚበልጥ ነገር አደረገችለት ማለት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ከ1992 ጀምሮ የሚሰጠው ዳፊ የተባለው ስኮላርሺፕም አለ፤ ይህ ግን ኮሚሽኑ ስደተኛ ብሎ ለመዘገበው ሰው እንጂ በሥራ ኮንትራት ለገባች ሠራተኛ አይደለም።

ሙሉ ስኮላርሺፕም ቢሆን ሰጪው እጁን ሲሰበስብ ይቆማል። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያግድ፣ በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ በቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲና በሊባኖስ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ሊባኖሳውያን ተማሪዎች በትምህርት መሃል ጭንቅ ውስጥ ወድቀው ነበር። ማመልከቻ የሚሞላ ሁሉ “ገንዘቡ ቢቋረጥ ትምህርቴን የሚያስጨርሰኝ ማን ነው?” ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ መብቱ ነው።

ቤሩት ራሷ ያስተማረችው

በጥቅምት 2019 የሊባኖስ ባንኮች በራቸውን ዘጉ፤ ሲከፍቱም የሰዉን ዶላር ያዙ። ለዓመታት በ1,507 ሊራ ቆሞ የነበረው ምንዛሪ ተንኮታኮተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ዶላር 89,500 ሊራ ገባ። በታኅሣሥ 2020 ሁለቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያቸውን በ3,900 ሊራ ምንዛሪ እንደሚያስቡ አስታወቁ፤ በሊራ ለሚከፍል ቤተሰብ ዋጋው በአንድ ቀን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ተማሪዎች በቤሩቱ የሐምራ ሰፈር ሰልፍ ወጡ። በኋላ ክፍያው በዶላር ሆነ። ልጆቻቸውን ውጭ አገር የሚያስተምሩ ወላጆችን ለመታደግ የሊባኖስ ፓርላማ በ2020 “የተማሪ ዶላር” የተባለውን ሕግ አወጣ፤ ሕጉ ለአንድ ተማሪ እስከ 10,000 ዶላር በኦፊሴላዊው ምንዛሪ እንዲላክ የሚፈቅድ ነበር። ባንኮች ግን በአብዛኛው አልፈጸሙትም። የመካከለኛ ገቢ ሊባኖሳውያን ገንዘባቸውን በስማቸው ባንክ አስቀምጠው ልጃቸውን ማስተማር አቃታቸው።

የእኛ ሴቶች ደግሞ ከዚያ በባሰ ተመቱ። ደመወዛቸው በዶላር መሆኑ ቀርቶ በሊራ ተከፈላቸው፤ ለብዙዎች ጭራሹን ቀረ። በሰኔ 2020 አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው በቤሩት ዳርቻ ሃዝሚየ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየጣሉ ሄዱ። በነሐሴ 4 ቀን የቤሩት ወደብ ፍንዳታ ደረሰ። በ2024 መጸው ደግሞ ደቡባዊው የከተማዋ ዳርቻ፣ ዳሂየ፣ በቦምብ ተደበደበ፤ ብዙ ሠራተኞች በተዘጋ ቤት ቀሩ ወይም ጎዳና ላይ ወደቁ። እነዚህ ቀናት እያንዳንዳቸው በኢትዮጵያ አንድ ቦታ ላይ የሴሚስተር ክፍያ ያቋረጡ ቀናት ናቸው። የቤት ሠራተኛዋን የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ ከጥበቃው ውጭ ስላደረጋት፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ለማስመለስ ያላት አቅም ደካማ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በአንድ ሰው ወርሃዊ ደመወዝ ላይ ብቻ የቆመ የኮሌጅ ዕቅድ ዕቅድ አይደለም። ቢያንስ የአንድ ሴሚስተር ክፍያ አስቀድሞ አገር ቤት፣ በላኪዋ በራሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ መቀመጥ አለበት።

አገር ቤት፦ የትኛው በር ይቅደም?

ርካሹ ኮሌጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ምግብና መኝታ ከተጠቀመም የዚያን ሙሉ ወጪ ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲመልስ ያደርጋል። ክፍያው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይፈጸማል። ይህ ማለት ሲገባ የሚከፈል የትምህርት ክፍያ የለም ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ይህን ውል እንደ ቀላል ፊርማ ያየዋል፤ ዕዳው ሳይዘጋ ኦርጅናል ዲግሪ እንደማይሰጥ የሚያውቀው ልጁ በጊዜያዊ ወረቀት (ቴምፖራሪ) ሥራ ሲፈልግ ነው። ቤሩት ያለች እህት ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ ዶላር ልትልክ ከሆነ፣ የተመረቀ ወንድሟን ዕዳ ዘግታ ኦርጅናሉን ማስወጣት አንዳንዴ ከማንኛውም ስጦታ ይበልጥ ሥራ ያስገኛል።

ችግሩ ወደዚህ በር የሚደርሱት ጥቂቶች መሆናቸው ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ጥብቅ ከሆነ በኋላ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ካላለፉት የተወሰኑት በሪሚዲያል (ማካካሻ) ፕሮግራም ዕድል ያገኛሉ። የቀረው ወጣት ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ነው ቤሩት ድረስ ስልክ የሚያስደውለው።

ብዙውን ጊዜ መልሱ “የግል ኮሌጅ አስገቢኝ” ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዲግሪ ደረጃ ለመማር የግል ተቋምም ቢሆን የመግቢያ ነጥቡን ወይም የሪሚዲያል ውጤቱን ይጠይቃል። ነጥብ ያላመጣን ልጅ “ችግር የለም፣ ብቻ ክፈሉ” ብሎ በዲግሪ የሚመዘግብ ካለ የሚሸጠው ዋጋ የሌለው ወረቀት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይቀበልም። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት አምስት ሰዎች አንዱ እንኳ አላለፈም። እንግዲህ አራት ዓመት በሰው ቤት እየታጠበና እየተተኮሰ የተከፈለ ገንዘብ ዲግሪ ሳያስገኝ የቀረባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት ክፍልና ለዚያ ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የዕውቅና ፈቃድ አለው? ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንቱ አለፈ? ልጁስ የመግቢያ ውጤቱን የያዘ ወረቀት አለው? ሦስቱም መልስ ካላገኙ ክፍያው ይቆይ።

ዲግሪ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ነጥብ ላላመጣ ልጅ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጪው አነስተኛ ነው፤ በኤሌክትሪክ፣ በመኪና ጥገና፣ በግንባታ ወይም በምግብ ዝግጅት የብቃት ምዘና ያለፈ ወጣት ዋጋ ከሌለው ዲግሪ ይልቅ እንጀራ ያገኛል። ቤተሰብ ይህን የሚያፍርበት ከሆነ የእፍረቱን ዋጋ የምትከፍለው ቤሩት ያለችው ልጅ ናት።

ገንዘቡ ሲላክ

ቤሩት ላይ እንደ ኦኤምቲና ዊሽ መኒ ባሉ መላኪያዎች የሚሄደው ብር አገር ቤት ሲደርስ በአንድ ሰው እጅ ይገባል። ብዙ ቅሬታ የሚነሳው እዚያ ነው። “ለትምህርት” የተላከው ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለቤት ክዳን ይውላል። መፍትሔው ጭቅጭቅ ሳይሆን አሠራር ነው። ክፍያው በተቻለ መጠን በቀጥታ በኮሌጁ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ የባንክ ደረሰኙና የተማሪው መታወቂያ ፎቶ ይላክ፤ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የውጤት ወረቀት ሳይታይ ቀጣዩ አይከፈል። ይህ ወንድምን አለማመን አይደለም፤ ወንድምየውም ቢሆን ክፍያው እንደማይቋረጥ ሲያውቅ ልቡን ትምህርቱ ላይ ያደርጋል።

ብድር በሌለበት ቦታ እቁብ ብድር ነው። ቤሩት ያሉ ኢትዮጵያውያት እርስ በርስ የሚገቡት እቁብ የምዝገባ ወር ሲመጣ አራጣ ሳይበደሩ ትልቅ ገንዘብ በአንዴ ለማውጣት ያስችላል፤ ዕጣው ከመስከረምና ከየካቲት ጋር እንዲገጥም ከዳኛዋ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። ምንዛሪውንም መከታተል ያስፈልጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የላኪዋ ዶላር በብር ጨምሯል፤ የዕቃውም የኮሌጁም ዋጋ አብሮ ስለጨመረ ግን “እጥፍ ሆነልሽ” የሚለው ስሌት ያሳስታል።

እሷስ?

በዚህ ጉዳይ የሚቀረው ትልቁ ጥያቄ የላኪዋ የራሷ ትምህርት ነው። ብዙዎቹ የሄዱት ትምህርታቸውን አቋርጠው ነው። ቤሩት ውስጥ ኮሌጅ ለመግባት በአረብኛ “ሙዓደላ” የሚባለውን የአቻነት ማረጋገጫ ከሊባኖስ የትምህርት ሚኒስቴር ማግኘት ይጠይቃል፤ የመኖሪያ ፈቃዷም በካፋላ ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ በመሆኑ ተማሪ ሆኖ መኖር ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። ይህ በር ለአብዛኞቹ ጠባብ ነው። ክፍት የሆኑት ትናንሽ በሮች ናቸው፤ እነሱም መናቅ የለባቸውም። ፀረ ዘረኝነት ንቅናቄ የተባለው የሊባኖስ ድርጅት በ2011 የከፈተው የስደተኞች ማኅበረሰብ ማዕከል የቋንቋ ትምህርት ሰጥቷል። በ2017 በኢትዮጵያዊቷ ባንቺ ይመር የተመሠረተው እኛ ለእኛ በስደት ለሴቶቹ እርዳታና ሥልጠና አድርሷል። እሑድ እረፍት ላላት ሴት እንግሊዝኛና ኮምፒዩተር የነገዋ መነሻ ነው፤ እረፍት ለተነፈገችው ግን የመጀመሪያው የትምህርት ጥያቄ የእረፍት ቀን ጥያቄ ነው።

በስልክ መማር ለምትችለው ኦንላይን ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከ2009 ጀምሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ኮርስ የምዘና ክፍያ አለው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ ወደ 40 ኮርስ ነው። “ነፃ” የሚለውን ቃል ሰምቶ ከመግባት በፊት ድምሩን ማስላት፣ ለክፍያውም ድጋፍ መጠየቅ፣ ዲግሪው ኢትዮጵያ ውስጥ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት የሚያገኝ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ልጅ እዚያው የምታሳድግ እናት ደግሞ ከገንዘብ በፊት ወረቀት ያስፈልጋታል። በሊባኖስ ሕግ ዜግነት የሚተላለፈው በአባት ነው፤ ያልተመዘገበ ልጅ ትምህርት ቤት ቢገባ እንኳ ለብሔራዊ ፈተና ሲደርስ ይቆማል። የልደት ምዝገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተፈጸመ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ለዚህች እናት በሃዝሚየው ቆንስላ የልጇን የልደት ወረቀትና ፓስፖርት መጨረስ ከማንኛውም ስኮላርሺፕ የሚቀድም ድጋፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ የመንግሥት ቦታ፤ እሱ ባይገኝ ሪሚዲያል ወይም ቴክኒክና ሙያ፤ ለጎበዙ ልጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ፤ የግል ኮሌጅ ሦስቱን ጥያቄ ሲመልስ ብቻ። ቆንስላውና በቤሩት ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ይህን መረጃ ከመስከረም በፊት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ቢያሰራጩ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዕድሜ ይድናል። አገር ቤት ያለው ተማሪም ሲመረቅ ለእህቱ ያለበትን ዕዳ እንደ ወጪ መጋራቱ ዕዳ ይቁጠረው። አንቺ በቤሩት ያለሽ እህታችን ደግሞ ከምትልኪው ላይ በየወሩ ትንሽ ለራስሽ ትምህርት አስቀሪ፤ ቤተሰቡን ያስተማረች ሴት ሳትማር መቅረቷ ፍትሕ አይደለም።